የእትዬ መሰለች ተከራዮች

የእትዬ መሰለች ቤት ተሰርቋል ተብዬ ከቁስቋም በታች ያለው ቁልቁለት ላይ ስደርስ፣ ጎረቤቱ ምርመራውን ከእኔ በፊት ጨርሶት ነበር። በሩ ላይ የተሰበሰቡት ሴቶች ሰላምታዬን እንኳ ሳይመልሱ ዓይናቸውን ወደ ግቢው ጀርባ፣ ወደ ሰርቪስ ቤቶቹ አዞሩ። አንዷማ ድምጿን ዝቅ ማድረግም አላስፈለጋትም።

«ኪራዩን ድርጅት የሚከፍልለት ሰው ምን ቸገረው፣ ኢንስፔክተር ሐብታሙ? ያለ ላቡ የገባ ያለ ላቡ ይወስዳል።»

እሁድ ነበር፣ ያውም ምሳ ሰዓት። ባለቤቴ ሮሃ ገና ማዕዱን ስታቀርብ ነው ከጣቢያ የተደወለልኝ። ተቆጥቼ ነበር የሄድኩት፤ ተቆጥቶ የሚጀምር መርማሪ ደግሞ ቶሎ መጨረስ ይፈልጋል።

ሳጅን ሀያም ቀድማኝ ገብታለች። ብዙ ዓመት አብረን ስለሠራን ሰው በሌለበት አንቱታውን ትተነዋል።

«በሩን እየው» አለችኝ።

የሳሎኑ በር የሚዘጋበት ጓጉንቸር በድንጋይ ተቀጥቅጦ ተሰብሯል። ድንጋዩ እዚያው ደጃፉ ላይ ነው። መኝታ ቤት ገባን። የቁምሳጥኑ ልብስ ወለሉ ላይ ተዘርግፏል፤ ቀሚሱ፣ አንሶላው፣ ሹራቡ፣ ሁሉም። የሟች ባለቤታቸው ጥቁር ሙሉ ልብስ ብቻ አልጋው ላይ ተዘርግቷል፤ እጅጌው እንኳ አልተጨማደደም። መጽሐፍ ቅዱሱም ከመሳቢያው ወጥቶ ኮመዲኖው ላይ በወጉ ተቀምጧል።

«ሥርዓት ያለው ሌባ ነው» አልኩ። «መጽሐፉን መሬት አልጣለም።»

«እሱ ማንንም አይለይልህም። እኛ ሙስሊሞችም ቅዱስ መጽሐፍ መሬት ላይ አናስቀምጥም።» ሀያም ዙሪያዋን ቃኘች። «ቴሌቪዥኑን ግን ለምን ተወው?»

እትዬ መሰለች በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁመተ ረጅም ሴት ናቸው፤ ለቤተ ክርስቲያን የለበሱትን ሰማያዊ ቀሚስ ገና አላወለቁም። ሰፈሩ የሚያከብራቸው ባልቴት ናቸው፤ የሴቶች እድሩ ዕቃ ኃላፊም እሳቸው ናቸው። በዚያ ሰፈር ሰው ሞቶ እሳቸው ቀድመው ያልደረሱበት ለቅሶ የለም ይባላል።

«ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘነው» አሉ። «ጌታ ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም።»

«ምን ጠፋ?»

«የአንገትና የጆሮ ወርቄ። የባለቤቴ የእጅ ሰዓት። የማቲያስ ላፕቶፕ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም አልጎደለም።»

«የሚጠረጥሩት ሰው አለ?»

«እኔ? ማንንም አልጠረጥርም፣ ልጄ። እግዚአብሔር ያውቃል።»

ይህን ብለው ወደ ሰርቪስ ቤቶቹ አዩ። ላንድ አፍታ ብቻ ነው፤ ግን አዩ። እኔም ዓይናቸውን ተከትዬ አየሁ።

ተከራዮቹን ላስተዋውቅ። ሙንዲር አዲሱ ገበያ ጎሚስታ ቤት ይሠራል። ሚስቱ ኡሙሀኒ ትባላለች፤ ጀና የምትባል ትንሽ ልጅም አለቻቸው። በደባልነት ይኖሩበት የነበረው ቤት ሲፈርስ ምትክ የደረሰው ለዋናው ተከራይ ነበርና እነሱ ሜዳ ላይ ቀሩ። «ጥላ» የተባለ የእርዳታ ድርጅት እንዲህ ላሉ ቤተሰቦች አብዛኛውን ኪራይ ይከፍላል። የሚያከራያቸው ሰው ግን በመከራ ነው የሚገኘው። አምና እትዬ መሰለች በጉባኤ ፊት ቆመው «ሁለቱ ሰርቪስ ቤቶቼ የጌታ ናቸው፤ ለእነዚህ ሰዎች ይሁኑ» አሉ። ጉባኤው አጨበጨበ። ሙስሊም መሆናቸውን ያነሳ ሰው ቢኖር «ፀሐይ ለማን መርጣ ትወጣለች?» ብለው ዝም አሰኙት።

ይህን ሁሉ ከማንም በተሻለ የማውቀው በምክንያት ነው። ይኸው ድርጅት የእኔንም በር አንኳኩቷል። እኔና ሮሃ ሁለት ባዶ ክፍሎች አሉን፤ አዎ ወይም አይሆንም እንድንል እየጠበቁን ነው።

ማቲያስ፣ የእትዬ መሰለች ልጅ፣ ግቢው ውስጥ ይንጎራደዳል። የሕንፃ ንድፍ ነው ሥራው፤ የጠፋው ላፕቶፕ ንዴቱን አናቱ ላይ አውጥቶታል።

«ስንቴ ነገርኳት!» አለኝ። «ድርጅቱ በጊዜው ይከፍላል፣ አልክድም። ግን የሁለት ዓመት ውል አስፈርሞ ነው። ኪራይ ልጨምር የለ፣ ቤቴን ፈለግኩት የለ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄ ነው።»

«ቤቱን ፈልገኸው ነበር?»

«ከፋሲካ በኋላ ላገባ ነው። ሰርቪሱን አድሼ ልገባበት አስቤ ነበር። አሁን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እያየሁ ነው። ማዘርን ብቻዋን ትቼ ልሄድ፣ ምን ላድርግ?»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ከቤት ቀድሜ ወጣሁ። መኪና አሳጥቤ ቤተ ክርስቲያን ዘግይቼ ደረስኩ፤ መዝሙሩ አልቋል። ሰዉ ጢም ብሎ እንደምንም ለማዘር ከጎኔ ቦታ ያዝኩላት። በቃ፣ አብረን ተመለስን።»

«ዘግይቼ ደረስኩ» የምትለዋን ቃል በልቤ ያዝኩ። ማግባት የሚፈልግ፣ ቤት የሚፈልግ፣ የዘገየ ልጅ። የአባቱን ልብስ መሬት የማይጥል።

ሙንዲር በራፉ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጥቁር የጎማ ቅባት ከጥፍሩ ሥር የማይለቀው፣ ቀጭን ሰው ነው።

«ጠዋት ሥራ ላይ ነበርኩ» አለ። «ጎሚስታ።»

«እሁድም ትሠራላችሁ?»

«ጎማ እሁድም ይተነፍሳል፣ ኢንስፔክተር።»

ኡሙሀኒ ፈጥና አከለች፤ «እኔም ምግብ ላደርስለት ከጀና ጋር ሄጄ ነበር።»

ያልጠየቅኳትን የምትመልስ ሴት ናት አልኩ። ፍራሹን ገልብጬ አየሁ፤ ሀያም የሽሮ ጣሳውን ሳይቀር ፈተሸች። ምንም የለም። ሙንዲር ፍራሹን ራሱ መልሶ አስተካከለ።

ምሽት ላይ ሮሃ የቀዘቀዘ ምሳዬን አሙቃ አቀረበችልኝ።

«ይኸውልሽ» አልኳት። «ድጋፍ ያላቸው ተከራዮች ያልሽኝ እነዚህ ናቸው።»

«ሰረቁ?»

«ገና ነው።»

«ታዲያ ምን ትላለህ? ድርጅቱ ኪራዩን ባንክ ያስገባል፤ ተከራይ ደጅ አትጠናም። ቧንቧ ቢሰበር ራሳቸው ያሠራሉ። የባለፈውን ተከራያችንን ረሳኸው? ሌሊት ዕቃውን ጭኖ የጠፋውን? እሱ የሚደግፈው አልነበረም።»

«ሁለት ዓመት ማስወጣት አይቻልም።»

«ማን ሊያስወጣ ነው?»

«ሰው ነኝ፣ ሮሃ። ነገ ምን እንደምፈልግ በምን አውቃለሁ? ደግሞ የድርጅት ሰው ይመላለሳል፣ ጎረቤት ያወራል፣ አንድ ዕቃ ቢጠፋ...»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ አይደል?» አለችኝና ሳህኑን አነሳች። «አንተ ደግሞ ስትጠረጥር ነው የምትመነጠረው።»

ሰኞ ጠዋት ሀያም አዲሱ ገበያ ወርዳ የጎሚስታውን ሰዎች አነጋገረች። የመኪና አጣቢዎቹንም በዚያው ጠየቀች። ስትመለስ ፊቷ አላማረኝም።

«ማቲያስ እውነቱን ነው። አጣቢዎቹ በደንብ ያስታውሱታል፤ ምንጣፉን ሁለቴ አሳጥቧቸዋል።»

«ሙንዲርስ?»

«ዋሽቷል። እሁድ ጠዋት ሥራ አልገባም። ከሰዓት በኋላ ነው የመጣው፤ ያኔም ልቡ ሌላ ቦታ ነበር ይላሉ።»

ሙንዲርን ጣቢያ አስገባሁት። የት እንደነበረ ስጠይቀው «ሥራ ላይ» አለኝ። ጓደኞችህ አልነበርክም ይላሉ ስለው መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። በሥራዬ ብዙ ዓይነት ዝምታ አይቻለሁ፤ ይሄኛው የሌባ አይመስልም ነበር፣ ያፈረ ሰው እንጂ። ግን ስሜት ለዐቃቤ ሕግ አይቀርብም። ውሸቱ ይቀርባል።

ከሰዓት በኋላ የድርጅቱ ሰው ጌቱ እትዬ መሰለች ቤት መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ጨዋ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ወጣት ነው፤ ክፉ ዜናም እንደ ቡራኬ ነው የሚናገረው።

«በጣም እናዝናለን» አላቸው። «አከራዮቻችንን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ውሉን ያለ ቅጣት እናፈርሳለን። ዓርብ ኮሚቴው ይቀመጣል።»

«እነ ሙንዲርስ?» አሉ እትዬ መሰለች። «ወዴት ታዛውሯቸዋላችሁ?»

«በአከራይ ላይ በስርቆት የተከሰሰ ሰው ከፕሮግራሙ ይወጣል፣ እማማ። ዳግመኛ አይገባም። ደንቡ ነው።»

«ሌላ ቤት... ሌላ ቤት አትፈልጉላቸውም?»

«አንችልም።»

እትዬ መሰለች ውሃ የያዙትን ብርጭቆ ሊያስቀምጡ ጠረጴዛውን ሳቱት። ብርጭቆው ወድቆ ተሰበረ፤ ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን በባዶ እጃቸው መልቀም ጀመሩ። ምን ዓይነት ልብ ነው አልኩ፤ ለሰረቃቸው ሰው ይህን ያህል የሚያዝኑ። ሞኝነቴን አሁን ሳስበው ያበሽቀኛል።

ማክሰኞ ኡሙሀኒ ለባሏ ምግብ ይዛ ጣቢያ መጣች። ሀያም ወደ ጥግ ወሰደቻትና አግዳሚው ላይ አብራት ተቀመጠች።

«እህቴ፣ እውነቱን ካልነገራችሁን ልንረዳችሁ አንችልም» አለቻት። «ዓርብ ሲደርስ ጀናን ይዘሽ ወዴት ልትሄጂ ነው?»

«ወላሂ አልሰረቀም።»

«የት ነበራችሁ?»

ኡሙሀኒ የሻሿን ጫፍ ጠመዘዘች። «እሱ ይንገርሽ። እኔ ከተናገርኩ ይቆጣኛል።»

ሙንዲርን አስጠራሁት። ሚስቱን ሲያያት አጠገቧ ተቀመጠ።

«ቤት ስናይ ነበር» አለ።

«ምን ቤት?»

«የሚከራይ ቤት። ቶለሳ የሚባል ደላላ ከአዲሱ ገበያ ጀርባ ወስዶ አሳየን። ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ ባለሱቅ ናቸው ባለቤቱ።»

«ለምን? ቤት አላችሁ።»

«የሚኖሩበት ቤትና የሚቆዩበት ቤት አንድ አይደለም፣ ኢንስፔክተር።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «ልጃቸው ሊያገባ ነው። ሰርቪሱን ይፈልገዋል። ጀና ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ፊቱ ይለዋወጣል። እሱ ግን አንድ ቀን ልቀቁ ብሎን አያውቅም፤ እሳቸውማ ጭራሽ! እኛም ገባን። ድርጅቱን አስፈቅደን ቀስ ብለን እንውጣላቸው አልን።»

«ታዲያ ይሄን መናገር ምን ይከብዳል? ለዚህ ብለህ ነው የታሰርከው?»

«ሕዝብ ፊት ቆመው ቤታቸውን የሰጡን ሴት ናቸው። ልጄ ስትታመም አብረው ሆስፒታል ያደሩ ናቸው። ጥለንዎት ልንሄድ ነው ብዬ በየትኛው አፌ ልንገራቸው? ቤቱ ከተገኘ በኋላ፣ ዕቃ ልንጭን ስንል፣ አንድ ሰበብ ፈጥረን ልንነግራቸው ነበር።»

ሀያም እኔን አየችኝ። እኔም የመኪናውን ቁልፍ አነሳሁ።

ቶለሳን ለማግኘት አልተቸገርንም። ደላላ ፖሊስ ሲፈልገው ይጠፋል፣ የሚከራይ ቤት ያለው ፖሊስ ሲፈልገው ግን ራሱ ይመጣል። ሙንዲርና ኡሙሀኒን እሁድ ከማለዳ ጀምሮ ሲያዞራቸው እንደነበር በአላህም በማርያምም ማለልን። የደላላን መሐላ ይዤ ዐቃቤ ሕግ ፊት መቆም ግን አልችልም። ሐጂ ሙዘይን ያስፈልጉኛል።

ሐጂው በሱቃቸው ባንኮኒ ላይ ሩዝ እየመዘኑ ተቀበሉን።

«እሁድ ጠዋት ቤት ሊያዩ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ?» አልኳቸው።

«ሰው ይመጣል ይሄዳል፣ ልጄ።»

«እነዚህስ መጥተው ነበር?»

«ኢንሻአላህ ትዝ ይለኝ ይሆናል። ፖሊስ ያለበት ነገር... ማለቴ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። ሌባ የተባለ ሰው ደጃፌን እንዳይረግጥ እንጂ ሌላ አልፈልግም።»

ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ወጥተን መኪና ውስጥ ተቀመጥን።

«ያስታውሳሉ» አለች ሀያም።

«ያስታውሳሉ። ግን አይሉም። በዚህ ጉዳይ ውስጥ በግልጽ የሚናገር ሰው አለ?»

ግቢው እሁድ ጠዋት ባዶ ነበር ማለት ነው። ማቲያስ መኪና አጣቢዎቹ ጋ፣ ሙንዲር ከደላላ ጋር፣ እትዬ መሰለች ቤተ ክርስቲያን። ከውጭ የገባ ሌባ ደግሞ ቴሌቪዥን ትቶ፣ የሟች ኮት አክብሮ አይሄድም።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ቁስቋም ስንወጣ የእድር ጡሩምባ ተነፋ። ጡሩምባ ነፊው በየቅያሱ ይጮሃል፤ ሽማግሌው ሸማኔ ጋሽ ሾዴ በድንገት ዐርፈዋል፣ ቀብሩ ዛሬ ነው። ወንዶቹ ድንኳን ተሸክመው ሲያልፉ መኪናችንን ጥግ አስያዝን።

የሴቶቹ እድር ዕቃ ቤት ከመንገዱ ዳር ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ድስቱ፣ ሳህኑ፣ ብርጭቆው ሁሉ እዚያ ነው የሚቀመጠው። በሯ ላይ ሴቶች ቆመው ያጉረመርማሉ። ኡሙሀኒም መጥታለች። ጋሽ ሾዴ ለጀና ሻሽ ሸምነውላት ስለነበር ሽንኩርት እንኳ ልላጥላቸው ብላ ነው። ቢላ የሰጣት ግን የለም፤ ከሌሎቹ ራቅ ብላ ቆማለች።

«ምን ይጠበቃል?» አልኩ።

«ቁልፉ!» አለች የእድሩ ሰብሳቢ። «ኃላፊዋ እትዬ መሰለች ናቸው። ልጅ ብንልክባቸው አሞኛል አሉ። ቁልፉን ስጡን ስንል ከወርቁ ጋር ተሰርቋል አሉ።»

«ተሰርቋል?»

«እንዲህ ነው ያሉት። እትዬ መሰለች ከለቅሶ ሲቀሩ ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

ሀያም ክንዴን ያዘችኝ። ሁለታችንም አንድ ነገር ነው ያሰብነው። እሁድ በአፋቸው ሲዘረዝሩልኝ ቁልፍ አልጠሩም። «ሌላ ምንም አልጎደለም» ነበር ያሉት።

«ሐብታሙ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «የሁሉንም ሰዓት ጠየቅን። የእሳቸውንስ?»

«ቤተ ክርስቲያን ነበሩ።»

«መቼ ደረሱ?»

የማቲያስ ቃል ትዝ አለኝ። እሱ ዘግይቶ ደረሰ፤ መዝሙሩ አልቋል። ከዚያ ለእናቱ ከጎኑ ቦታ *ያዘላቸው*። ለመጣ ሰው ቦታ አይያዝም፤ ቦታ የሚያዘው ገና ለሚመጣ ነው። የዘገየውን ልጅ ስጠረጥር ከእሱም የዘገዩትን እናት ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። ተሰረቅሁ ያለን ሰው «አንተስ የት ነበርክ?» ማለት ነውር ይመስለናል።

«ቁልፉን እንስበረው» አልኩ ለሰብሳቢዋ። «እርስዎም ምስክር ሆነው አብረውን ይግቡ።»

ገባን። የሳህን ክምር፣ የተደረደረ ብርጭቆ፣ በመደርደሪያው ሥር ትልቁ ብረት ድስት። በዚያ ሰፈር ከበጋው ጀምሮ ሰው አልሞተም ነበርና ድስቱ አቧራ ለብሷል፤ ክዳኑ ላይ ግን የጣት አሻራ አለ። ሀያም ክዳኑን አነሳች። በነጭ የወጥ ቤት ፎጣ የተጠቀለለ ላፕቶፕ፣ አጠገቡ ትንሽ ቦርሳ። በቦርሳው ውስጥ ወርቁና ሰዓቱ።

ሰብሳቢዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አይ መሲዬ!» አለች። «አይ መሲዬ፣ ምን ነካሽ?»

ወሬ በር አያንኳኳም። ከዕቃ ቤቱ ስንወጣ ሴቶቹ ሁሉ አውቀው ነበር።  አንዲት ሴት ብቻ፣ እሁድ በር ላይ ስለ ላብ የነገረችኝ፣ ቢላና ሽንኩርት ይዛ ሄዳ ኡሙሀኒ እጅ ላይ አስቀመጠች። ቀና ብላ ግን አላየቻትም።

እትዬ መሰለች ጥቁር ለብሰው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ለለቅሶ ለብሰው መውጣት ያቃታቸው ይመስላሉ።

«እትዬ» አልኳቸው። «ለጋሽ ሾዴ ለቅሶ የእድሩ ድስት ወጣ።»

አልጋው ላይ ያለውን የባላቸውን ኮት በእጃቸው አስተካከሉ። «ሁሉም ወጣ?»

«ሁሉም።»

«ማንም የማይከፍተው እሱን ብቻ ነው ብዬ» አሉ። «ቤቱን ትፈትሻላችሁ፣ ግቢውን ትፈትሻላችሁ። ዘመድ ጋ ባስቀምጠው ለምን ይለኛል። ሾዴ ደህና ነበር እኮ... ቅዳሜ በር ላይ ቆሞ ሰላም ብሎኛል።»

«ለምን?»

«ልጄ ሊሄድብኝ ነው። ቤት አጥቶ። ደግሞ እኔ ነኝ ቤቱን የሰጠሁበት። በጉባኤ ፊት ቆሜ የጌታ ነው ብዬ፣ አጨብጭበውልኝ፣ ተመልሼ ለእኔ ይሁን ልበል? ሙንዲርን ጠርቼ ሂድ ልበለው? ሚስቱ እኮ እናቴ ነው የምትለኝ።» ዓይናቸው ሞላ። «ሌላ ቤት ይሰጧቸዋል ብዬ ነው። ስርቆት ያለበት ግቢ ነው ብለው የሚያዛውሯቸው መስሎኝ። እስር አላሰብኩም። ያ የድርጅቱ ልጅ፣ ከፕሮግራሙ ይወጣል ሲል ነፍሴ ከሥጋዬ ተለየች።»

«ያን ጊዜ ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ብዬ?»

«ሰው ታስሮ ነበር፣ እትዬ!» ጮህኩባቸው። እንደ እናቴ በሚሆኑ ሴት ላይ ጮህኩ፤ አልተጸጸትኩም።

«እነሱ ሰረቁኝ አላልኩም» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ልጄ፣ አንድም ቀን አላልኩም።»

«አላሉም። አዩ እንጂ።»

አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ተነስተው የባላቸውን ሙሉ ልብስ ቁምሳጥኑ ውስጥ ሰቀሉና ነጠላቸውን ለብሰው አብረውን ወጡ። በድንኳኑ በኩል እንዳናሳልፋቸው ለመኑን። በሌላ መንገድ ዞርን።

ጣቢያው በር ላይ ሙንዲር ዕቃውን ተረክቦ ሲወጣ ከእትዬ መሰለች ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። ቶሎ ላሳልፈው ሞከርኩ፤ እሳቸው ግን ቆሙ።

«ሙንዲር» አሉ። «ቤቱን ፈልጌው ነበር። ለማቲያስ። ልነግርህ አፍሬ ነው።»

ሙንዲር ዕቃውን መሬት አስቀመጠ። ሊቆጣ መብት ነበረው፤ እኔም እንዲቆጣ ፈልጌ ነበር።

«እኛም ልንለቅልዎት ነበር፣ እትዬ» አለ። «እሁድ ጠዋት ሌላ ቤት ልናይ ሄደን ነው። ልንነግርዎት አፍረን።»

 ሀያም እትዬ መሰለችን የዘበኛው አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው። እዚያ ቁጭ ብለው «እሁድ ጠዋት» ይላሉ፤ «እሁድ ጠዋት!» ድንጋዩን አንስተው የገዛ በራቸውን ሲቀጠቅጡ፣ ተከራዮቻቸው ቤቱን ሊለቁላቸው ሌላ ቤት ፍለጋ ወጥተው ነበር። የሐሰት አቤቱታ ወንጀል ነው፤ መዝገቡን ዘግቼ ለዐቃቤ ሕግ አስተላለፍኩ። ከዚያ በላይ ምን እንደምቀጣቸው አላውቅም ነበር።

ለጌቱ ደውዬ የኮሚቴውን ጉዳይ አስዘጋሁ። የቀረው ቤት ነው፤ ወደዚያ ግቢ መመለስ አይታሰብም። ሙንዲርን ይዤ ወደ አዲሱ ገበያ ወረድኩ። መንገድ ላይ ሁለቱ ክፍሎቼ ከሐሳቤ አልወጣ አሉ፤ ካሳ መስሎኝ ነው መሰለኝ፣ አወጣሁት።

«እኔም ቤት አለኝ» አልኩት። «ከድርጅቱ ጋር እየተነጋገርን ነው። ብትመጡ ደስ ይለናል።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ኢንስፔክተር» አለ። «እናስብበታለን። ከኡሙሀኒ ጋር ተማክረን...»

መኪናውን ጥግ አስይዤ አቆምኩ።

«ሙንዲር፣ በዚህ ሳምንት ያየነው አይበቃም? በግልጽ ንገረኝ።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። 

«አልፈልግም» አለ። «ፍራሼን ገልብጠው ያዩ ሰው ነዎት። ጠዋት ጠዋት እርስዎን ሰላም ማለት ይከብደኛል።»

ሞተሩን አስነሳሁ። ቃሉ እንደ ሚጥሚጣ አቃጠለኝ። ያም ሆኖ ከእሁድ ጀምሮ የሰማሁት የመጀመሪያው ቀጥተኛ መልስ ነበር፤ አመሰገንኩት፣ ከልቤም ነው።

ሐጂ ሙዘይን ባንኮኒያቸው ጋ ናቸው። ሙንዲር ንጹሕ መሆኑን፣ ሌባ የሚባል እንዳልነበረ ነገርኳቸው።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። «እኔማ ድሮም ፊቱን አይቼ... እንግዲህ፣ ቤቱን በተመለከተ ኢንሻአላህ እናያለን። ሰሞኑን ብቅ በሉ፣ እንጫወታለን።»

ሙንዲር ወደ በሩ ሊዞር ነበር። ተመልሶ ባንኮኒው ላይ ሁለት እጁን አስቀመጠ።

«ሐጂ» አለ፤ «ልጅ አለችኝ፣ ኪራዩን ድርጅት ነው የሚከፍልልኝ፣ ጣቢያ ታስሬ ወጥቻለሁ። ያከራዩኛል ወይስ አያከራዩኝም? አይሆንም ካሉኝም አልቀየምዎትም።»

ሐጂው ደነገጡ። ሩዙን አዩ፣ ሚዛኑን አዩ፣ እኔን አዩ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። በመጨረሻ ከባንኮኒው ሥር በክር የታሰረ ቁልፍ አወጡና ፊቱ አስቀመጡ።

«ጣሪያው ያፈሳል» አሉ። «እንዳልዋሽህ።»

«እኔ እለጥፈዋለሁ» አለ ሙንዲር፣ ቁልፉንም አነሳ።

ከሱቁ ወጥቼ ለሮሃ ደወልኩ፤ «ስለ ሁለቱ ክፍሎች ለድርጅቱ አዎ በያቸው» አልኳት።